እጅ ሲሠለጥን ኪስም ይሠልጥን

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዲላ የሚማሩ የሙያ ሠልጣኞችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያ ዓመት ረመዳን ተራዊሕም በየቤቱ ተሰገደ።

ለጌዴኦ ቤተሰብ ጊዜው ክፉ ነበር። ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መጋቢት ሲገባ የቡናው ገንዘብ ይሳሳል። ሥራም ሲቀዘቅዝ ዓይን ሁሉ ሙያ ወዳለው ልጅ ዞረ።

ውድ አንባቢያን! ሙያ ገንዘብ ያመጣል እንጂ ገንዘብ አይጠብቅም። አንዲት የልብስ ስፌት ሠልጣኝ ለዒድ ልብስ 2,000 ብር ተቀበለች እንበል። ጨርቅና ክሩ 1,200 ብር ከፈጀ የእጅ ዋጋዋ 800 ብር ብቻ ነው። 2,000ውን ለአስቤዛ ካዋለችው ግን የሰው አደራ በልታለች፤ ሥራዋም ይቆማል። ወረርሽኝ እንዲህ ያለውን ጉድለት ያጋልጣል እንጂ አይፈጥረውም።

ጥንቃቄው ለጌዴኦ እንግዳ አይደለም። ገበሬው እንሰትን በየዓመቱ ይተክላል፤ የደረሰውን ሲፍቅ ሌላው በጓሮ ያድጋል። ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለክፉ ቀን ይቆያል። ሠልጣኞቻችንም ለብራቸው እንዲሁ ያድርጉ።

ዲናችንም ይህንኑ ያስተምረናል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት እህል በጥጋብ ዘመን እንዲቀመጥ መክረዋል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ.) የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ እንዲጻፍ አዟል። ስለዚህ ገቢ፣ ወጪና ዕዳ በአንዲት ደብተር ይስፈር፤ የሥራው ገንዘብ ከቤት ወጪ ይለይ፤ ከእጅ ዋጋውም ጥቂት ይቀመጥ።

አንዳንዶች ወለድን ሲሸሹ ቁጠባንም አብረው ሸሹ። በፍራሽ ሥር ያስቀመጡት፣ መስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ ተጨነቁ። ዛሬ ይህ ምክንያት አይሆንም። ዘምዘም ባንክ በሰኔ፣ ሂጅራ ባንክ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከወለድ ነፃ አገልግሎት ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ለዚሁ የተለዩ መስኮቶች አሏቸው። የሚተማመኑ ጓደኛሞች እቁብም አለ።

እናንት ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ገንዘብ ይዞ ሲገባ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት። «ከዚህ ውስጥ የአንተ ስንቱ ነው?» በሉት። መልሱን ከደብተሩ ካነበበላችሁ፣ ለሚመጣው ክፉ ቀን መዘጋጀት ጀምሯል። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ በረካውንም ብዙ ያድርግልን፤ አሚን።