ፈረሱን «አንተ» እንበለው ወይስ «እርስዎ»? የነገሥታት ጌም በአማርኛ ዓይን

«ክሩሴደር ኪንግስ»ን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። የስትራቴጂ ጌም ነው፤ ግን አገር ሆናችሁ ሳይሆን ሰው ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት። ትወለዳላችሁ፣ ታገባላችሁ፣ ትወልዳላችሁ፣ ትታመማላችሁ፣ ትሞታላችሁ። ስትሞቱ ጌሙ አያልቅም፤ ወራሻችሁ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ። የሚያልቀው የሚወርሳችሁ የቤተሰባችሁ ሰው ሲጠፋ ወይም የጌሙ ዘመን 1453 ላይ ሲደርስ ነው። ሠሪው የስዊድኑ ፓራዶክስ ሲሆን ሁለተኛው ጌም በ2012፣ ሦስተኛው በ2020 ወጥቷል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታው ላይ አገራችን አለች። ከ867 ወይም ከ1066 መጀመር ትችላላችሁ፤ በ2024 ደግሞ 1178 ተጨምሯል፤ ይህም ላሊበላ ከመንገሡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የ1066ቱ መነሻ ቀን ሴፕቴምበር 15 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው መስከረም 18 ቀን 1059 ዓ.ም. ሆነ፤ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። ጌሙ ግን ጳጉሜን አያውቃትም፤ ወራቱ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው።

ይህን ጌም የምወደው ስለሚያስቅ ነው። ስለ እሱ የምጽፈው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጌም ኮድና ዳታ ነው፤ «ስም ምንድን ነው? ዙፋን እንዴት ይወረሳል? መሬት የማን ነው?» ለሚሉት ጥያቄዎች አንድ ሰው ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ መልስ ሰጥቷል። መልሱ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገጥምበትና የማይገጥምበት ቦታ ለፕሮግራመር ትልቅ ትምህርት አለው።

ሦስት ጓደኛሞች፣ ሦስት ዙፋኖች

አርብ ማታ ሦስት ሆነን በኦንላይን እንጫወታለን። እኔ ሀያትስቪል ነኝ፤ አንዱ ጓደኛችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ይኖራል። እኔ ኢትዮጵያን ያዝኩ፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ኑብያን። የአሌክሳንድሪያው ግብፅን መረጠ። ለምን ቢባል፣ «የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነኝ፤ ጳጳስ የምትቀበሉት ከእኔ ነው!» አለን።

ቀልዱ መሠረት አለው። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጳጳሷን የምትቀበለው ከግብፅ እስክንድርያ መንበር ነበር፤ መንበሩ ያለው ደግሞ በእስላማዊ መንግሥት ግዛት ውስጥ ነበር። የካይሮ ባለሥልጣናት በጳጳሱ አመራረጥ እጃቸውን ያስገቡበት ጊዜም አለ። ጓደኛችን ይህን ሳያነብ በሁለት ሰዓት ጨዋታ ደረሰበት፤ ኑብያን ሲወጋ እኔ ጣልቃ እንዳልገባ «ጳጳሱን አስቀርባችኋለሁ» እያለ ያስፈራራን ጀመር። ጌሙ ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም፤ እሱ ግን በድምፅ መስመሩ ላይ ፈጠረው።

እኔ በበኩሌ ለልጄ የቁስጥንጥንያን ንጉሠ ነገሥት ልጅ አጋባሁት። ሦስት ትውልድ ቆይቶ የልጅ ልጄ ልጅ በሴት አያቷ በኩል የሮምን ዙፋን ልትጠይቅ ተነሣች። ቦስፎር ዳር ረቡዕና አርብ የምትጾም ንግሥት ልትቀመጥ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ በሽታ ወሰዳትና ግዛቱ ለአምስት ልጆቿ ተከፋፈለ። አምስት ወንድማማቾች፣ አምስት ዙፋን፣ ወዲያውም አምስት ጦርነት።

የአምስቱ ወንድማማቾች ጉዳይ

ጌሙ በነባሪ የሚሠራበት የውርስ ሕግ ይህ ነው፦ አባት ሲሞት ዘውዶቹ ለልጆቹ ይከፋፈላሉ። ለፈረንጅ መካከለኛ ዘመን ጥሩ ሞዴል ነው። ለእኛ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ይኩኖ አምላክ በ1270 ነገሠ። ከእሱ ቀጥሎ ይግባ ጽዮን ከ1285 እስከ 1294 ገዛ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ዙፋኑ ላይ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። በትውፊት እንደሚነገረው ይግባ ጽዮን ከልጆቹ አንዱን መምረጥ ስላቃተው እያንዳንዱ አንድ አንድ ዓመት በተራ እንዲነግሥ አዘዘ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሊታሰር መሆኑን ሲሰማ ቀደመና ሌሎቹን ግሸን አምባ ላይ ወስዶ አሰራቸው ይባላል። የአምባው ሥርዓት ከዚህ ጀመረ የሚለው ትውፊት ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ራሱ የታሪክ ሐቅ ነው። የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ገደል በከበበው ተራራ ላይ በጥበቃ ይኖራሉ፤ ንጉሥ ሲያርፍ መኳንንቱ ከመካከላቸው መርጠው ያወርዳሉ። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 የነገሠው ከዚያው አምባ ወርዶ ነው። ጌሙ በሚያልቅበት በ1453ም ዙፋኑ ላይ የነበረው እሱ ነው።

አሁን እንደ ፕሮግራመር አስቡት። በጌሙ ውስጥ የውርስ ፈንክሽን የሚቀበለው «የሟቹ ልጆች» የሚል ዝርዝር ነው። የእኛው ፈንክሽን የሚቀበለው «ተራራው ላይ ያሉት ሁሉ» ነው። መልሱ የሚመጣው ከዕድሜ ሳይሆን ከመኳንንቱ ድምፅ፣ አንዳንዴም መጀመሪያ ተራራው ሥር ከደረሰው ጦር ነው። ጌሙ ውስጥ የምርጫ ሕግ ስላለ፣ ተወዳዳሪዎቹን ከአንድ ቤት ብቻ እንዲሆኑ ወስኖ መቀራረብ ይቻላል። ተራራውን ግን አንድ ሰው መጻፍ አለበት።

መሬቱም እንደዚያው ነው። ጌሙ ማዕረግ፣ መሬትና ውርስን አንድ ያደርጋቸዋል። እኛ ዘንድ ርስት የዘር ነው፤ በእናትም በአባትም ይመጣል። ጉልት ግን ንጉሥ የሚሰጠው የግብር መብት ነው፤ የሰጠ ንጉሥ መንሣትም ይችላል። አንድ አምድ ያለው ሠንጠረዥ ሁለቱን አይዝም። የማዕረግ ስሞቹም ቢሆኑ በቀላሉ አይተረጎሙም። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን አማራንና ዳሞትን የመሰሉ ግዛቶች ሹም «ጸሐፈ ላም» ይባል ነበር፤ ስሙ እንደሚነግረን ከብት መዝጋቢ ነው። በዘመናችን ቋንቋ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ አገር ያስተዳድር ነበር ማለት ነው። «ዱክ» ብሎ ማለፍ ይህን ሁሉ ይሰርዛል።

የቤተሰብ ስም የሚባል አምድ

ጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ መኳንንት የሥርወ መንግሥት ስም ይይዛል። እዚህ አገር የምንኖር ይህን አምድ በደንብ እናውቀዋለን። ባል የራሱን አባት ስም፣ ሚስት የአባቷን ስም፣ ልጅ የአባቱን ስም ይዘው አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «የመጨረሻ ስም» ይኖራል፤ ፎርሙን የሚሞላው ሰው ደግሞ ዘመዳሞች መሆናችሁን ይጠራጠራል።

የነገሥታቱ ይባስ ይወሳሰባል። ዘርዐ ያዕቆብ የመንግሥት ስሙ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ዐምደ ጽዮን ደግሞ ገብረ መስቀል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት አምድ ያስፈልጋል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ስመ መንግሥት። የጌሙን የታሪክ ፋይል በአማርኛ ብንጽፈው እንዲህ ይመስላል፦

ሰው_1434 = {
  ስም = «ዘርዐ ያዕቆብ»
  ስመ_መንግሥት = «ቆስጠንጢኖስ»
  አባት = «ዳዊት»
  ቤት = «ሰሎሞናዊ»
}

ዋናው ፋይል ከዚህ ብዙ አይርቅም። በተራ ቴክስት የተጻፈ፣ በኖትፓድ የሚከፈት፣ በእኩል ምልክትና በቅንፍ የተሠራ ነው። በዋናው ውስጥ የማታገኙት «ስመ_መንግሥት» የሚለውን መስመር ነው።

እውነተኛው ታሪክ ጌሙን ሲያስንቅ

«ኢትዮጵያዊ ንጉሥ ከስፔን ንጉሥ ቤት ጋር ሊጋባ ሲል» ብዬ ብጀምር የአርብ ማታ ጨዋታችን ይመስላችኋል። አይደለም፤ 1428 ነው። ዐፄ ይስሐቅ ከአራጎኑ ንጉሥ ከአልፎንሶ አምስተኛ ጋር ተላልከው፣ የአልፎንሶ ወንድም ዶን ፔድሮ ከእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ጋር መጥቶ የይስሐቅን ልጅ እንዲያገባ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልሆነም። አልፎንሶ በ1450 ለዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ ባለሙያ ለመላክ ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾ፣ መንገዱ አስተማማኝ ከሆነ ብቻ ነው አለ፤ ቀድሞ የላካቸው 13 ሰዎች መንገድ ላይ አልቀዋልና።

የአውሮፓም ምናባዊ ታሪክ ነበረ። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄስ ዮሐንስ» የሚባል ተአምረኛ ክርስቲያን ንጉሥ በምሥራቅ አለ ብለው ያምኑ ነበር፤ ኋላም የኛን ነገሥታት በዚያ ስም መጥራት ጀመሩ። በ1441 ከኢየሩሳሌም ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የሄዱት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ንጉሣቸው በዚህ ስም ሲጠራ ግራ ገባቸው፤ የንጉሣችን ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው አረሙ። የተሳሳተ ዳታ ሲያገኙ ያረሙ የመጀመሪያዎቹ የእኛ ሰዎች እነሱ ይመስሉኛል።

ፊደላችን ይገባል ወይ?

ሁለተኛው ጌም የሚሠራው ባለ አንድ ባይት ኢንኮዲንግ ላይ ነበር። 256 ቦታ ብቻ አለው፤ እሱም በላቲን የተያዘ ነው። 33 ሆሄ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ሏ፣ ቷ፣ ቋ፣ አኃዛችንና ሥርዓተ ነጥባችን ሲጨመሩ አይበቃም። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 ከመቀበሉ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ያለቀሱበት ግድግዳ ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ጌም ዩቲኤፍ 8 ይጠቀማል። እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ግን ይገባል። እንደ ዐረብኛ የፊደላት መቀጣጠልና ቅርፅ መለዋወጥ ስለሌለብን፣ ግዕዝን የያዘ ፎንት በሞድ ማስገባት ነው ዋናው ሥራ። ያለዚያ የምታዩት ባዶ ሳጥን ነው። በይፋ ከተካተቱት እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ሩሲያኛ፣ ቻይንኛና ኮሪያኛን ከመሳሰሉት መካከል አማርኛ የለም። ስለዚህ የሞድ ሠሪዎች ልማድ የአንዱን ቋንቋ ጽሑፍ በራሳቸው መተካት ነው።

ከፎንቱ የሚከብደው ሰዋስዉ ነው። ጌሙ ዓረፍተ ነገርን በቁርጥራጭ ይገጣጥማል። በእንግሊዝኛ «ንጉሥ» ፊት አንድ ቃል መጨመር ይበቃል። በአማርኛ «ንጉሥ» «ንጉሡ» ሲሆን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። በዩኒኮድ ሥ 1225፣ ሡ 1221 ናቸው፤ አራት መቀነስ ብቻ! በራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ ቢሆን ይህ የአንድ መስመር ሂሳብ ነው። የጌሙ የጽሑፍ ፋይል ግን እንዲህ ያለ የፊደል ሂሳብ አይሠራምና ሁለቱንም ቅርፅ መጻፍ ግድ ነው።

ከዚያ አክብሮት አለ። ንጉሡ «አረፉ»፣ ንግሥቲቱም «አረፉ»፣ ሽፍታው «ሞተ»፣ ገረዷ «ሞተች»። ጌሙ ወንድና ሴት ለይቶ ጽሑፍ መምረጥ ይችላል፤ ማዕረግን አይቶ «አንቱ» እንዲል ግን እኛ ነን ሁኔታውን የምንጽፍለት። በሁለተኛው ጌም ውስጥ ያበደ ንጉሥ ፈረሱን የመንግሥት ሹም አድርጎ መሾም ይችላል፤ ግሊተርሁፍ የሚባለውን ፈረስ የድሮ ተጫዋቾች ሁሉ ያውቁታል። አማርኛ ላይ ይህ ሹመት ከባድ ጥያቄ ያመጣል። ቢትወደድ ፈረስ «አንተ» ይባላል ወይስ «እርስዎ»? እኛ አርብ ማታ ድምፅ ሰጥተንበት ሁለት ለአንድ «እርስዎ» አሸንፏል፤ ሹመት ሹመት ነውና።

ከየት እንጀምር?

አንዳንዴ አብሮን የሚጫወት የ14 ዓመት የወንድሜ ልጅ አለ። የእንግሊዝን ነገሥታት ከዊልያም ጀምሮ በተራ ይቆጥራል፤ ማንም አላስተማረውም፤ ጌሙ ነው። የዛጉዌን ስም ያወቀውም ከዚያው ነው፤ በላቲን ፊደል፣ አጠራሩን እየገመተ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ብዙ ልጆች ከአገራቸው ታሪክ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቁት በእንዲህ ያለ ፋይል በኩል ነው። ፋይሉን እኛ ካልጻፍነው፣ ሌላ ሰው በግምት የሞላው ይቆያል።

ሙሉ ትርጉም ለአንድ ሰው አይቻልም፤ ጽሑፉ ባሕር ነው። ሃያ መስመር ግን በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። መጀመሪያ ፎንቱን አስገቡና አንዲት «ሀ» ስክሪኑ ላይ መታየቷን አረጋግጡ። ቀጥሎ ማዕረጎቹን ጻፉ፦ ንጉሠ ነገሥት፣ ንጉሥ፣ ባሕር ነጋሽ፣ ጸሐፈ ላም። ከዚያ ከይኩኖ አምላክ እስከ ዘርዐ ያዕቆብ ያሉትን ነገሥታት በትክክለኛ ሆሄ አስገቡ፤ «ዐ»ን በ«አ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ» ሳትለዋውጡ። ፋይሉን ስታስቀምጡ «ዩቲኤፍ 8 ከቦም ጋር» የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ጌሙ አያነበውም።

የግሸንን ተራራ ኮድ የምጀምረው እኔ ነኝ። ፈረሱን ለናንተ ትቻለሁ።