ትርፍ ነዳጅ፦ ስንቅም እሳትም የሆነ ጭነት

በነጭ ዓባይ ዳር በተቈረቈረችው በጁባ ከተማ፣ የውጭ አገር ኤምባሲዎች ከሚገኙባቸው ሰፈሮች አንዱ ኮሎሎ ይባላል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ገጠር የሚያመራ መኪና ብዙ ነው። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ የሞተሩን ዘይት ይለካል፤ የመጠጥ ውሃ ይጭናል፤ በመጨረሻም ዐይኑን ከኋላ በተደረደሩት ጀሪካኖች ላይ ያሳርፋል። በዚያች ሰዓት በልቡ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ነዳጅ አድርሶ ይመልሰኛልን?» የሚል ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጥያቄ ለአንባቢያን ጥቂት ለማለት ወደድን።

እንደሚታወቀው ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ካወጀችበት ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የበጀቷ ምሰሶ ነዳጅ ዘይት ነው። ነገር ግን ከጉድጓድ የሚወጣው ድፍድፍ ዘይት በሱዳን ምድር ላይ በተዘረጋ ቧንቧ እስከ ፖርት ሱዳን ተጉዞ ለውጭ ገበያ ይቀርባል። በጁባ የሚቀዳው ቤንዚንና ናፍጣ ግን በአብዛኛው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ፣ ዩጋንዳን አቋርጦ፣ በኒሙሌ ኬላ በኩል በቦቴ የሚገባ ነው። ነዳጅ ከሚፈልቅባት አገር ዋና ከተማ ነዳጅ ከሩቅ ባሕር ዳር ተጭኖ ይመጣል ማለት ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ለብሷል። ከአስፋልቱ የወጣ ሰው ግን በሚያዝያ ጀምሮ እስከ ኅዳር በሚዘልቀው የዝናብ ወራት የሚጠብቀው ጎማ የሚይዝ፣ መኪና የሚውጥ ጥቁር ዋልካ ነው። በዚያም ማደያ የሚባል ነገር ከስንት ቀን ጉዞ በኋላ ቢገኝ ነው።

ይህን መንገድ ከእኛም ወገን ብዙዎች ያውቁታል። በጁባ ሆቴልና ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ፣ መኪና እያሽከረከሩ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ሰላም ለማስከበር በዚያች አገር የዘመቱ ወታደሮቻችንም የዋልካውን ጠባይ በጎማና በአካፋ ተምረውታል። ስለዚህ ጉዳዩ የጎረቤት ወሬ ብቻ አይደለም፤ በቦረናም ሆነ በአፋር፣ በኦሞም ሆነ በጋምቤላ ርቆ ለሚጓዝ ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

የመጀመሪያው ትምህርት የመጠን ነው። የጥንቱ ዘማች ስንቁን የሚቈጥረው በመድረሻው ሳይሆን በመመለሻው ነበር። ነዳጅም እንዲሁ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መድረሻችን 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል፤ ደርሶ መልስ 600 ይሆናል። መኪናችን በደረቅ ጥርጊያ መንገድ ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ናፍጣ የሚበላ ከሆነ 84 ሊትር ይበቃናል፤ 90 ሊትር የሚይዘው ታንክ፣ ሹፌሮች ሰልባቲዮ የሚሉት፣ ያለ ትርፍ ነዳጅ ያዘልቀናል ብለን ልንዝናና እንችላለን። ዝናብ ቢጥል ግን ማርሹ ከአንደኛና ከሁለተኛ አይወጣም፤ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፤ ፍጆታውም 22 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገን 132 ሊትር ነው። በዚህ ላይ መንገድ ቢሳሳት፣ ድልድይ ቢሰበርና ዙሪያ ጥምጥም ቢኬድ ብለን ሩቡን ብንጨምር 165 ሊትር ይሆናል። ሰልባቲዮው ከሚይዘው በላይ 75 ሊትር ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ 19 ሊትር የተሞላ አራት ጀሪካን ይበቃዋል።

አራት ይበቃል ስንል ስምንት ይሻላል ማለታችን አይደለም። ገብስ የተጫነች በቅሎ ከገብሱ ራሷ እንደምትቀለብ ሁሉ፣ ብዙ ነዳጅ የጫነ መኪናም ለጭነቱ ሲል ብዙ ነዳጅ ይበላል። አራቱ ጀሪካን ብረቱን ጨምሮ ከ80 ኪሎ አያንስም። ይህን ክብደት ፖርቶ መጋላው ላይ የሰቀለ ሹፌር መኪናውን ራሰ ከባድ ያደርገዋል፤ በጎርፍ በተቦረቦረ ተዳፋት ላይ የሚገለበጠውም እንዲህ ያለው መኪና ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የዕቃው ነው። ዛሬ በየቤታችን ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን ስሙን ያገኘው ከጦር ሜዳ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የጀርመን ጦር 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ አሠራ። ሦስት እጀታ ስላለው አንድ ሰው ባዶዎቹን በአንድ እጁ ሁለት ሁለት ይይዛል፤ ሙሉውን ደግሞ ሁለት ሰዎች ይቀባበሉታል። በጎኑ ላይ የተጨፈለቀው የመስቀል ቅርጽ ብረቱ ሲሞቅ እንዲለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝ እንዲሰበሰብ ያደርጋል። ክዳኑ ቁልፍ ሳያስፈልገው ገጭ ብሎ ይዘጋል። በውስጡ የሚቀረው አየርም ሙሉ ሆኖ ሳለ በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል።

በዚያው ጊዜ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር ነዳጁን የሚያጓጉዘው 4 ጋሎን በሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮው በድንጋያማው መንገድ ላይ እየተጋጨ ስፌቱ ይተረተራል፤ ነዳጁም ጠላት ሳይነካው በአሸዋ ላይ ይፈሳል። በጄኔራል ኦክንሌክ ግምት ከደጀን ተነሥቶ ተዋጊው ዘንድ እስኪደርስ ከቤንዚኑ 30 በመቶ ያህሉ ይባክን ነበር። እንግሊዞቹ የጀርመኑን ዕቃ ማርከው ጥቅሙን ባዩ ጊዜ እንደዚያው አድርገው በገዛ ፋብሪካቸው አሠሩ፤ ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሯቸው ስለ ነበርም ዕቃው «ጀሪካን» ተብሎ ቀረ። የሚሊዮን ብር ታንክ በአንዲት ቀዳዳ ቆርቆሮ ምክንያት ከመንገድ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ዛሬ በጁባ ገበያም ሆነ በእኛ ገበያ በርካሽ የሚገኘው ግን የምግብ ዘይት የተሸጠበት ቢጫ ፕላስቲክ ነው። ይህ ዕቃ ለውሃ መልካም ነው፤ ለቤንዚን ግን አልተሠራም። ፀሐይ ሲመታው ይነፋል፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ክዳኑም ያልባል። በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ቤንዚን ደግሞ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ይዞታው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይጨምራል፤ በጧት ቅዝቃዜ እስከ አፉ የተሞላ 20 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይሻል። ቦታ ካላገኘ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። ስለሆነም ለነዳጅ የተሠራ ዕቃ መግዛት፣ የክዳኑን ጎሚኒ ከጉዞ በፊት መመርመርና ከላይ የአንድ ሊትር ያህል ባዶ ቦታ መተው ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የአያያዝ ትምህርት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተኖ አይጠፋም፤ በመኪናው ወለል ላይ እንደ ውሃ ይተኛል፤ ብልጭታ እስኪያገኝም ይጠብቃል። በመሆኑም ጀሪካን ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አይጫንም። ከኋላ በጭነቱ ቦታ ላይ፣ ከማርሚታውና ከባትሪው ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞና በገመድ ጠብቆ ይታሰራል። ሲሞላም መኪናው ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀምጦ ነው፤ በመኪናው ላይ እንዳለ ቢሞላ በፍሰቱ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ መሬት ሳያገኝ ይጠራቀምና ብልጭታ ሊወልድ ይችላል። ነዳጅን በጎማ ቱቦ በአፍ እየሳቡ መገልበጥም ልማድ ሆኗል። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ለሞት ያደርሳልና ይህ ልማድ ሊወገድ ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ፣ ከሁሉ የሚሻለው የነዳጅ ማስቀመጫ ራሱ ሰልባቲዮው ስለሆነ፣ በሰልባቲዮው ውስጥ የጀሪካኑን የሚያህል ቦታ እንደተገኘ ሞተር አጥፍቶ መገልበጥ ብልህነት ነው። ነዳጁ ውሃ የተቀላቀለበት ከሆነም ከተማው ሳይርቅ ይታወቃል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህ በጀሪካኑ ግርጌ የሚቀረውን ጥቂት ዝቃጭ አለመገልበጥ ሞተርን ያድናል።

በመጨረሻ የምናነሣው ነገር ያሳዝናል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከጁባ በስተምዕራብ በምትገኘው በማሪዲ አጠገብ አንድ የነዳጅ ቦቴ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። የአካባቢው ሰው የሚፈሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ዕቃውን እየያዘ ተሰበሰበ። በዚያው ላይ ቦቴው ፈነዳ፤ ከ170 የሚበልጡ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። እነዚህ ሰዎች ነዳጅ ብርቅ በሆነበት አገር ያገኙትን ሲሳይ ወደ ቤታቸው ሊወስዱ የወጡ ነበሩ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገራችን ሰው። ቤንዚን ግን ከፈሰሰ አይለቀምም፤ ሊለቅመው የጎነበሰውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚነሣ ወታደርም ሆነ ነጋዴ፣ ሹፌርም ሆነ ሐኪም፣ የሚመልሰውን ያህል አስልቶ ይጫን፤ በሚገባ ዕቃ ይያዝ፤ ከሰው አርቆ ይሰር። በጧት አንድ ሰዓት ለዚህ ሥራ ቢያጠፋ፣ ማታ ደጁ ላይ ቆመው ለሚጠብቁት ቤተሰቦቹ መልሶ ይከፍላቸዋል።