በእጅ ስልክ ስለሚታይ ትንሽ ገጽ አሠራር

የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። የግብርናን ምክር በነፃ ስልክ የሚያሰማው 8028 ግን ከዚያ ቀድሞ በ2006 ዓ.ም. ተጀምሯል። ዛሬ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ገበያ ድንች ወይም የዲከረንስ ከሰል የሸጠ ገበሬ ዋጋውን በእጅ ስልኩ ቢቀበል የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም የገበሬዎች ማኅበር የማዳበሪያ መመዝገቢያ፥ የገበያ ዋጋ ማሳያ ወይም የመክፈያ ገጽ ያሠራ እንደ ሆነ፥ ሹሙ ሥራውን ከመረከቡ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ ነገር አለ።

ይኸውም ገጹ ለተጠቃሚው አስቸጋሪ ከሆነ ጥበቃው ከንቱ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ጥበቃን ለባለሙያ ይተዋል፤ ምቾትን ግን እንደ ጌጥ ይቈጥራል። ነገር ግን ፊደሉ የደቀቀ፥ ቃሉም ባዕድ የሆነ እንደ ሆነ ገበሬው ስልኩን ለጎረቤቱ ወይም ለባለሱቁ ይሰጣል፤ ሲሰጥም የምሥጢር ቍጥሩን አብሮ ይነግራል። ከዚያ ወዲያ ቍጥሩ በረቀቀ ጥበብ ተሰውሮ ቢጓዝ ምን ይጠቅማል? ምሥጢሩ የወጣው በአፍ ነውና።

በአዊ አገር ቋንቋው ራሱ ነገሩን ያከብደዋል። በቤቱ አዊኛ የሚናገር ሰው ስለ ገንዘቡ በአማርኛ፥ አንዳንድ ጊዜም በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። አዊኛ በግእዝ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን እንደ ጘ ያለ በአማርኛ የማይገኝ ፊደል አለው፤ ይህ ፊደል በሌለበት ስልክ በቦታው ባዶ ሣጥን ይታያል። ስለዚህ ሠሪው ፊደሉን ከገጹ ጋር አብሮ እንዲልክ ማዘዝ ይገባል። ማንበብ ለማይችለውም እንደ 8028 በድምፅ የሚነገር ነገር ይጨመርለት። ደግሞም አንድ የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኋላ የተተረጐመ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ልክ ያልፋል፤ ከመጀመሪያው በአገሩ ቋንቋ ባጭሩ ቢጻፍ ግን ይበቃዋል።

የሚነካው ምልክት ከ9 ሚሊሜትር ያላነሰ ይሁን። ሲያርስ የዋለ ጣት እንደ ጸሐፊ ጣት አይደለምና፥ «ላክ» እና «ተው» የሚሉት ጐን ለጐን አይቀመጡ። ገንዘቡም ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስምና የብሩ ልክ ጐልቶ ይታይ።

የአንዱ መሥሪያ ቤት ገጽ በሌላው ገጽ ውስጥ እንደ መስኮት ተከፍቶ ሲታይ ግን ሌላ አደጋ አለ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2008 ሮበርት ሐንሰንና ጀረማያ ግሮስማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ ገለጡት፥ አታላይ ሰው እውነተኛውን ገጽ እንዳይታይ አድርጎ በራሱ ገጽ ላይ ሊደርበው ይችላል። ተጠቃሚው የስንዴ ዋጋ ለማየት የነካ ሲመስለው ክፍያ ይፈቅዳል። መከላከያው አስቸጋሪ አይደለም፤ ገጹ በየትኞቹ አድራሻዎች ውስጥ ብቻ እንዲከፈት ሠሪው ይወስናል። በተውሶ መስኮት ውስጥ ደግሞ የምሥጢር ቍጥር ፈጽሞ አይጠየቅ። ቍጥሩ የሚጠየቀው ገንዘቡን በሚጠብቀው ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ፥ አድራሻው እየታየ ነው። በእጅ ስልክ ላይ ገጹ ወደ ታች ሲሳብ አድራሻው ብዙ ጊዜ ስለሚሰወር ይህን መጠንቀቅ ይገባል።

ምርመራው በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ አይሆንም። በዳንግላ ገበያ፥ በፀሓይ፥ በገበሬው በራሱ ስልክ ይሞከር፤ ሹሙም ሆነ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ ዝም ይበል። «እዚህ ላይ ንካው» ማለት ያስፈለገው እንደ ሆነ ገጹ ገና አልተፈጸመም።

የመስመር መቋረጥም አብሮ ይታሰብ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ኢንተርኔት የሚሻ ገጽ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ስለዚህ እንደ ቴሌብር *127# ያለ ኢንተርኔት የማይሻ መንገድ አብሮ ይዘጋጅ። መስመሩ በክፍያ መካከል የተቋረጠ እንደ ሆነም፥ ሲመለስ ገጹ «ብሩ ሄዷል» ወይም «አልሄደም» ብሎ በግልጥ ይናገር። ገበሬው ተጠራጥሮ ያንኑ ክፍያ ሁለተኛ ቢነካው ሁለት ጊዜ እንዳይከፈልበት ሠሪው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም ቍጥር ይስጠው፤ ይህም በውሉ ውስጥ ይጻፍ።