የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እጩ መምህራን ነገ በምትመደቡበት ገጠር ይህ ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ከጥልቅ ጉድጓድ በእጅ ፓምፕ የሚወጣው ውሃ ሲቀዳ ኩልል ያለ ነው፤ በእንስራ ሲያድር ግን ይደፈርስና ከሥሩ ቀይ ነገር ይዘቅጣል። «ፓምፑ ተበላሸ» ይባልና ሰው ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ምክንያቱ ብረት ነው። ከመሬት በታች አየር በሌለበት ብረት በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል፤ ዓይን አያየውም። አየር ሲያገኝ ይዝጋል። (በጠርሙስ ቀድቶ ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል።) በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲያልፍ ነጠላ ያወይባል፣ ጣዕም ይለውጣል፤ ሻይማ ይጠቁራል! ሆኖም በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሚገኝበት መጠን ጤናን ስለማያሰጋ የዓለም የጤና ድርጅት በጤና ረገድ ወሰን አላወጣለትም።

የሚያሰጋስ ያ በበጋ የጠራው የወንዝ ውሃ ነው። የኮሌራና የታይፎይድ ጀርም ውሃ አያደፈርስም። በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድም ቀለም የለውም።

ድፍርሱም ቢሆን ዝም አይባልም፤ ጭቃው ጀርም ይሸሽጋል፣ ብረቱም ክሎሪኑን ይጨርሳል። ስለዚህ የፓምፑን ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ እያገላበጡ አየር ማስነካት፣ አሳድሮ በአሸዋ ማጥለል፣ ክሎሪኑን ከዚያ ወዲያ መጨመር ነው።