ሞተሩ ሳይጠፋ የሚመጣ አደጋ

ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አየር ላይ ሞተሯ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ቁልቁል የምትወርድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኧረ አትወርድም! ብዙ ሠልጣኝ የሚማርባት ሴስና 172 ነፋስ ከሌለ ከ300 ሜትር ከፍታ ተንሸራታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ስለዚህ ሠልጣኝ ሁሉ ይህን ይለማመዳል። አስተማሪው ሳይታሰብ የሞተሩን ጉልበት ዝቅ ያደርግና «በል፣ የት ልታሳርፋት ነው?» ይለዋል። ሠልጣኙ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ነፋሱን ያያል፣ ማሳ መርጦ ይወርዳል። ማሳው ላይ ግን አያርፍም፤ ትንሽ ሲቀረው ጉልበት ሰጥቶ ተመልሶ ይወጣል።

ጉዱ ያለው እዚህች «ተመልሶ ይወጣል» ያልናት ላይ ነው።

እስቲ ልምምዱን ጎንደር ሰማይ ላይ እናስበው። አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኗም 2,800 ሜትር ላይ ያለች ያህል ትደክማለች። አየር ጨምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳና ወደ ጣና ከሆነ መሬቱ ዝቅ ስለሚል ግድ የለም። ወደ ዳባትና ደባርቅ ከሆነ ግን አውሮፕላኗ እየተንፏቀቀች ስትወጣ መሬቱም አብሯት ይወጣል። በስሜን ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ካገኛት የሞተሩን ትግል ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የዓይን ማታለል ነው። የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት እያለ፣ በሳሳው አየር ውስጥ እውነተኛው ፍጥነት 75 ገደማ ይሆናል። ሠልጣኙ ዝቅ ሲል ዛፉና አጥሩ ሽው ሲልበት «በጣም ፈጠንኩ» ብሎ አፍንጫዋን ቀና ያደርጋል። ያን ጊዜ ፍጥነቷ ይወርዳል፤ በተለይ ወደ ማሳው እየታጠፈ ከሆነ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታ ደግሞ የለም። ሞተሩ እኮ ደህና ነው!

አንዳንዴ የውሸቱ የሞተር መጥፋት እውነት ይሆናል። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በዝቅተኛ ጉልበት ሲሠራ፣ እርጥብ አየር ካለ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ለዚህ ደግሞ ውጪው መቀዝቀዝ የለበትም፣ 20 ዲግሪም ይበቃል። ለዚህ ነው አስተማሪዎች እየወረዱ በየመሐሉ ጉልበት ሰጥተው ሞተሩን የሚፈትሹት። ማሳውም ያታልላል፤ በክረምት ከላይ ለጥ ያለ አረንጓዴ የሚመስለው የደምቢያ መረሬ አፈር ጎማ ውጦ አውሮፕላን ሊገለብጥ ይችላል።

ታዲያ ልምምዱ ለምን አይቀርም? መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲላቀቅ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ሲሞከር ሁለቱም ሞተሮች እጅ ሰጡ፤ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። እንዲህ ያለ ቀን ማንንም አያስጠነቅቅም፤ በእጅ የገባ ልምድ ከሌለ በዚያች ደቂቃ አይፈጠርም።

እኔን የሚያሳምነኝ ልምምዱን ለሁለት መክፈል ነው። ማሳ መምረጡና መንሸራተቱ ገጠር ላይ፣ ከፍ ብሎ ይሁን፤ የመጨረሻዋ ዝቅታ እውነተኛ ማኮብኮቢያ ላይ ትሁን፤ ጉልበት ቢዘገይ እንኳ ማረፍ ይቻላልና። ዓለም አቀፉ ደንብ፣ ከመነሳትና ከማረፍ በስተቀር፣ ከከተማና ከሕዝብ ርቆ በዓይን እያየ የሚበር አብራሪ ከመሬት 150 ሜትር በታች እንዳይወርድ ይላል። እንደ ወገራ ባለ ደጋ ላይ ግን እኔ ብሆን 300 ሜትር ላይ «በቃ፣ ውጣ» እላለሁ።