የፈረሱ አፍና የዳኛው ነጥብ

በእንግሊዝ አገር የገጠር መንደሮች፤ በዕረፍት ቀን ጧት፤ ርዝመቱ 40 ሜትር፤ ወርዱ 20 ሜትር በሆነ የአሸዋ ሜዳ ዙሪያ ሰዎች ተሰብስበው ይታያሉ። በሜዳው ራስጌ አንድ አውቶሞቢል ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ ዳኛውና ጸሓፊው ከብርዱ ተጠልለው የሚቀመጡት በዚያ ውስጥ ነው። ፈረሰኛው ገብቶ እጅ ከነሣ በኋላ፤ በሜዳው ዳር በቆሙት ፊደላት እየተመራ ፈረሱን በእርምጃ፤ በሶምሶማና በደንገላሳ ያስኬደዋል፤ ክብ ያዞረዋል፤ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ለእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። ድሬሳዥ የሚባለው የፈረስ ሥልጠና ውድድር በታችኛው ደረጃ መልኩ ይህ ነው። ተወዳዳሪዎቹ የቢሮ ሠራተኞች፤ ተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ሲሆኑ፤ ሽልማቱም ከአንድ ጥብጣብ ብዙ አይበልጥም።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ ለፈረሱ ቀላል አይደለም። ፈረሰኛው በኮርቻ ላይ መቀመጥን ገና ያልተማረ እንደ ሆነ በሶምሶማው ጊዜ ይነጥራል፤ እንዳይወድቅም በዛቡ ይንጠለጠላል። ዛቡ ከልጓሙ ብረት ጋር የተያያዘ ነውና፤ የሰውየው መንገዳገድ ሁሉ የሚያርፈው በፈረሱ አፍ ላይ ነው። ብረቱ የሚጋደመው በፊት ጥርሶችና በመንጋጋዎች መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ሲሆን፤ በዚያ ስፍራ አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋ እጅግ ስስ ነው። ስለዚህም ፈረሱ አፉን ይከፍታል፤ ምላሱን ያወጣል፤ ጅራቱን ያወናጭፋል፤ ወይም ከብረቱ ለመሸሽ አንገቱን አጥፎ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። ይህ የመጨረሻው ለማያውቅ ተመልካች ውበት ይመስለዋል፤ ደንቡ የሚፈልገው ግን የፈረሱ አፍንጫ ከግንባሩ ቁልቁል ከሚወርደው ቀጥታ መስመር ጥቂት ወደ ፊት ቀደም እንዲል ነው።

አፉን የሚከፍተውን ፈረስ ዝም ለማሰኘት አንዳንዶች ያገኙት ዘዴ በአፍንጫው ላይ የሚዞረውን ጠፍር ማጥበቅ ነው። በጠፍሩና በአፍንጫው አጥንት መካከል ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል የሚለው ልማድ የቈየ ነው፤ የሰው ጣት ግን ቀጭንም ወፍራምም ስለሚሆን፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2025 የመለኪያ መሣሪያ በሥራ ላይ አውሏል። በብሔራዊው ማኅበር ቊጥጥር ሥር ባልሆኑት ትንንሽ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚለካ ሰው የለም። የተጠፈረ አፍ አይከፈትም፤ ያልተከፈተውን አፍ ደግሞ ዳኛው ከሩቅ ሆኖ ታዛዥነት ነው ብሎ ሊቈጥረው ይችላል። ደንቡ ግን ታዛዥነት ማለት መገዛት ሳይሆን የፈረሱ ፈቃደኝነትና እምነት ነው ይላል፤ የጅራት መወናጨፍና የጥርስ መፋጨትም በነጥቡ ውስጥ እንዲታሰብ ያዝዛል።

ታዲያ ዳኛው ስለ ምን ዝም ይላል? ምክንያቱ በከፊል የገበያ ነው። የሜዳው፤ የዳኛውና የጥብጣቡ ወጪ የሚሸፈነው ተወዳዳሪዎች ከሚከፍሉት የመመዝገቢያ ገንዘብ ነው። 4 ነጥብ፤ ይኸውም «አይበቃም» የተባለው ፈረሰኛ በሚመጣው ሳምንት ወደ ሌላ ሜዳ ሊሄድ ይችላል፤ 6 የተሰጠው ግን ተደስቶ ይመለሳል። ለደንበኛ ሲል ሚዛኑን የሚያዘነብል ነጋዴ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ እዚህ ግን ጉድለቱን የሚከፍለው ገዢው ሳይሆን ፈረሱ ነው። የማይገባውን ነጥብ ያገኘ ሰው እጁ የተስተካከለ መስሎት ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል፤ ፈተናው በከበደ መጠንም ያው እጅ ይበልጥ ይጐትታል።

ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው እንግሊዛዊት ሻርሎት ዱጃርዲን፤ በትምህርት ላይ ፈረስን ደጋግማ ስትገርፍ የሚያሳይ ፊልም በመውጣቱ፤ በ2024 ከፓሪስ ኦሎምፒክ ራሷን አገለለች፤ ለ1 ዓመትም ታግዳ 10,000 የስዊስ ፍራንክ ተቀጣች። በትንሹ ሜዳ በብዛት የሚታየው እንዲህ ያለው ግርፋት አይደለም፤ አብዛኞቹ ፈረሳቸውን ይወዳሉ፤ የጐደላቸው ትምህርት ነው። በቪየና ባለው የስፔን የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ጀማሪው በመጀመሪያ የሚሠለጥነው፤ መምህሩ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ እያዞረ፤ ያለ ዛብና ያለ እርካብ ነው። በእሑዱ ሜዳ ደግሞ የጥቂት ወራት ተማሪ አለንጋ ጨብጦ፤ በተረከዙም ሹል ብረት አስሮ ሲገባ ይታያል።

ዳኛው ሥልጣን የለውም ማለት አይደለም። በግልጽ ያነከሰውን ፈረስ ደወል ደውሎ ሊያስወጣ ይችላል፤ በዓለም አቀፉ ደንብም ለዚህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ከዚያ በታች ላለው ጉዳት የሚይዘው መሣሪያ ግን የነጥቡ ወረቀት ነው። ውድድሩ ሲያበቃ ወረቀቱ ለፈረሰኛው ይሰጣል፤ «እጅ ይርጋ፤ ጠፍሩም ይላላ» የሚል አንድ መስመር የተጻፈበት እንደ ሆነ፤ ፈረሰኛው ፈረሱን በመኪና ከመጫኑ በፊት ልጓሙን ሲያወልቅ፤ ጠፍሩ በአፍንጫው ጠጕር ላይ የተወውን ሰንበር ለማየት ጐንበስ ይላል።