ዕቃ ቤቱ፦ የቤተሰብ ፊልም በአንድ ፎልደር

ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ሥር ክዳኑ የተዘጋ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ኪቦርዱም ላይ ሁለት ፊደላት አይሠሩም። ከጎኑ 4 ቴራባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶበታል፤ ከኋላው አንድ ቀጭን ኬብል ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ከእህቴ ሰርግ ጀምሮ ቤተሰቡ የሚያየው ቪዲዮ ሁሉ የሚያድረው እዚህ ነው። እናቴ «ዕቃ ቤቱ» ትለዋለች። ሰርቨር ከሚለው ቃል ይልቅ ሥራውን የሚገልጸው የእሷ ስም ነው እላለሁ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ኑሮ ብዙ ቤት ያውቀዋል። ፊልም በፍላሽ ይመጣል፤ ፍላሹ ከክፍል ክፍል ይዞራል። አንዱ ልጅ ቦታ ሲጠበው የሌላውን ያጠፋል። አንድ ፊልም ሦስት ኮምፒውተር ላይ ሦስት ጊዜ ይቀመጣል፤ በሚፈለግበት ቀን ግን ከሦስቱ አንዱም ጋ አይገኝም።

ሼር የተደረገ ፎልደር ይህን ሁሉ ያስቀራል። ፋይሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም፣ የልጆቹ ኮምፒውተርም በቤቱ ኔትወርክ በኩል እዚያው ድረስ ሄደው ያዩታል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የውጭው መስመር ቢቋረጥም ራውተሩ እስከበራ ድረስ ፊልሙ አይቆምም። አሮጌ ላፕቶፕም ለዚህ ሥራ አያንስም፦ 5 ጊጋባይት የሚመዝን የሁለት ሰዓት ፊልም ሲታይ በሰከንድ 6 ሜጋቢት እንኳ አይፈጅም፤ ተራ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል ደግሞ 100 ያስተላልፋል። ላፕቶፑ የሚጨነቀው ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ዓይነት ቪዲዮ መጥቶ እየለወጠ እንዲያጫውት ሲገደድ ብቻ ነው።

ዕቃ ቤቱ ሁለት በር አለው። አንደኛው ሳምባ ይባላል፤ ፎልደሩን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚከፍት ፕሮግራም ነው። አዲስ ፊልም የማስገባው፣ ስም የማስተካክለው በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው ጄሊፊን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ ከሚባለው ፕሮግራም ተገንጥሎ የተጀመረ፣ በነጻ የሚሰጥ ማጫወቻ ነው። እዚያው ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ፎልደሩን ያነብባል፤ ለየፊልሙ ፖስተርና መግለጫ ያመጣል፤ ከዚያ ሳሎን ለተቀመጠውም አልጋ ላይ ለተጋደመውም ያደርሳል።

ሳምባ የሚለው ስም ለእኛ ጆሮ ሳንባን ያስታውሳል፤ አመጣጡ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አይቢኤም ውስጥ ባሪ ፋይገንባም የተባለ ባለሙያ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበትን ኤስኤምቢ የተባለ ቋንቋ ነደፈ። ቋንቋው በኋላ የዊንዶውስ መግባቢያ ሆነ። ካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል ደግሞ በኬብሉ ላይ የሚመላለሰውን መልእክት እየተከታተለ ሌላ ኮምፒውተርም ይህን ቋንቋ እንዲናገር የሚያስችል ፕሮግራም ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1992ም ለሰው ሁሉ ለቀቀው። የመጀመሪያው ስም የሌላ ድርጅት ንብረት ሆኖ ሲገኝ የኤስ፣ የኤምና የቢ ፊደላት በተራ የሚገኙባቸውን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ፈለገ። ሳምባ የተገኘው ያኔ ነው። የአንድ ተማሪ ሥራ ዛሬ የእኛን ሰርግ ተሸክሞ መኖሩን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ፎልደር ሼር ማድረግ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ቁልፍ መጫን ይመስለዋል። አስቸጋሪው ነገር ፈቃድ ነው፤ ማን ያያል፣ ማን ያስገባል፣ ማን ያጠፋል የሚለው። ፈቃዱም ሁለት ቦታ ነው የሚሰጠው። አንዱ ሳምባ ላይ ይጻፋል፤ ሌላው ዲስኩ ላይ በየፎልደሩና በየፋይሉ ይታተማል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው የከለከለው ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ የእሑድ ከሰዓት ነው። አዲሱን ዲስክ ገዝቼ ፊልሙን ሁሉ ገልብጬበታለሁ። እናቴ ከእህቴ የክርስትና እናት ጋር ሰርጉን ልታይ ቡናው ቀርቧል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም የለም።

«ልጄ፣ ሰርጉ የለም ይላል እኮ። ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ አለ እማዬ። እኔ ጋ ይታያል።»

«እኔ ጋ ካልታየማ ምኑን አለ!»

እውነቷን ነበር። የላፕቶፑ ስርዓተ ክወና የሆነው ሊኑክስ ዲስክ ሲሰካበት በዚያን ሰዓት ኮምፒውተሩን በሚጠቀመው ሰው ስም ይከፍተዋል። ዲስኩ በእኔ ስም ተከፍቶ ነበርና እኔ እገባለሁ። ማጫወቻው ፕሮግራም ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የራሱ ስም አለው፤ በዚያ ስም ሲመጣ ከደጃፉ ይመለሳል። ሰርጉ የተቀመጠበት ፎልደር ለማንም ክፍት ነበር፤ የተዘጋው ከእሱ በላይ ያለው ነው። የሳሎኑ በር ቢከፈት የግቢው በር ከተዘጋ እንግዳ ከወዴት ይገባል? እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ሰው ፊልሙ ያለበትን ፎልደር ደጋግሞ ያያል፤ መታየት ያለበት ግን ከላይ ጀምሮ እያንዳንዱ በር ነው።

መፍትሔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዲስኩን በመለያ ቁጥሩ አስመዝግቤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ያው ቋሚ ቦታ ላይ እንዲከፈት አደረግሁ። ከዚያ ቤተሰብ ያልኩትን አንድ ቡድን አቋቁሜ ማጫወቻውን አባል አደረግሁት። ለፎልደሩ የሰጠሁት ቁጥር 750 ነው። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ መግባት 1 ይቆጠራል። ባለቤቱ ሦስቱንም ስለያዘ 7፤ ቡድኑ አንብቦ መግባት እንጂ መጻፍ ስለማይችል 5፤ ሌላው ሰው 0። ከፊት አንድ 2 ተጨምሮ 2750 ሲሆን ደግሞ እዚያ የሚፈጠር አዲስ ፋይል ሁሉ በራሱ የቡድኑ ይሆናል። አዲሱ አባልነት የሚሠራው ማጫወቻው ጠፍቶ ሲነሣ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አልጨርስም ነበር።

በዚያው ዲስክ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር የተዛወረ ፋይል የቀድሞ ፈቃዱን ይዞ እንደሚሄድም አይዘንጋ። ሌሎቹ ሁሉ እየታዩ አንድ ፊልም ብቻ አልታይ ካለ ሰበቡ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ስለ ስም አወጣጥ ብዙ የምለው አለኝ፤ የእኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለውና። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ በአማርኛ ከ85 ፊደል በላይ አይጻፍም። የሙሽሮቹን፣ የሚዜዎቹንና የአዳራሹን ስም አንድ ላይ መደርደር የሚወድ ሰው ይህን ወሰን ይነካዋል። ከዚህ የባሰው ሞክሼ ፊደል ነው። ለእኛ «ሰርግ» እና «ሠርግ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ በርበሬና እንደ ስኳር የተለያዩ ናቸው። አንዱን ጽፎ የሚፈልግ ሌላውን አያገኝም። እኛ ቤት አንዱን መርጠን በወረቀት ጽፈን ራውተሩ ላይ ለጥፈናል።

ዓመተ ምሕረቱም መታሰብ አለበት። ማጫወቻው ፊልምን የሚለየው በርዕሱና ከጎኑ በቅንፍ በተጻፈው ዓመት ነው፤ የሚያውቀውም የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ነው። በእኛ አቆጣጠር 2006 ብለን ከጻፍንበት ፍለጋው ይስታል። የቤተሰብ ቪዲዮ ደግሞ ከፊልሞቹ ጋር መቀላቀል የለበትም። ለብቻው ፎልደር ተሰጥቶት ጄሊፊን ላይ የቤት ቪዲዮ ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ካልሆነ ስሙ የተቀራረበ የማይታወቅ ፊልም ፈልጎ የሙሽራዋ ፎቶ ሊሆን በሚገባው ቦታ የሌላ ሰው ፖስተር ሊለጥፍ ይችላል።

ማጥፋት የሚችለው ሰው አንድ ብቻ ይሁን። ቴሌቪዥን ላይ ሆኖ ፊልም ለማየት ማንበብ ይበቃል። ልጆቹ አዲስ ነገር ሲያመጡ የሚያስቀምጡበት «ገቢ» የሚል ፎልደር ከፍቼላቸዋለሁ፤ እዚያ እንደልባቸው ይጽፋሉ፤ እኔ አይቼ ወደ ቦታው አስገባዋለሁ። ሳምባም የተሰረዘውን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ወደ ጎን የሚያኖር ቅንብር አለውና እሱን ማብራት ይገባል። ባለፈው ገና አንድ ሙሉ ተከታታይ ድራማ ከዚያ አውጥቻለሁ።

የዲስኩ ዓይነት አጭር ጉዳይ ነው። ብዙ ፍላሽ የሚመጣበት ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይቀበላል፣ ግን የባለቤትነትና የፈቃድ ማስታወሻ አይዝም። ለሊኑክስ ሰርቨር ኢኤክስቲ 4 ይሻላል። አሮጌ ላፕቶፕ መጠቀሜም ለዚህ ጠቅሞኛል፦ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቆያል፤ ዲስኩ ጽሕፈት ላይ እያለ በድንገት አይቋረጥም። የዲስኩ ኃይል ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚመጣ መሆን አለበት፤ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ባትሪው አያድነውም።

የሳምባን በር ወደ ውጭ የሚከፍት ሰው ግን ያስፈራኛል። ሳምባ የሚሠራበት 445 ቁጥር በር ከቤት ውጭ መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያሽመደመደው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተዛመተው በኤስኤምቢ የመጀመሪያ ትውልድ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የወጣው ሳምባ ያንን ትውልድ ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ አሮጌ ቴሌቪዥን አልገናኝ አለ ተብሎ መልሶ መክፈት አይገባም። ለዚያ ቴሌቪዥን ጄሊፊን አለለት።

ዲስክ ደግሞ ይሞታል። ፊልም ጠፍቶ ይገኛል፤ ሰርግ ግን ሁለት ጊዜ አይቀረጽም። ስለዚህ የቤተሰብ የሚለው ፎልደር ቅጂ እህቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጥሎሽ ልብሷ ጋር ተቀምጧል፤ በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ይዛው ትመጣለች፣ አዲሱን ጨምሬ እመልስላታለሁ።